የወፍጮ ቤቱ ልጅ

ጁነዲንን ያወቅኩት «ተከሳሽ» የሚለውን ቃል አጥፊልኝ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድም ወንድሙን፣ ሚስት ባሏን ስትከስ ጽፌአለሁ። የከሰሰውን ሰው ስም እንዳስከብርለት የለመነኝ ግን ከጁነዲን በፊት አልነበረም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አልኩት።

«ሐጂ ብቻ በያቸው፣ እትዬ ወርቅዬ። ሐጂ ኢብራሂም።»

«ሐጂማ ብያለሁ። ከሐጂ በፊት ግን ተከሳሽ ካልተባለ መዝገብ ቤት አይቀበልህም። ካልፈለግክ ቤትህ ግባ።»

ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ «በል ፈርምና ልቀቀኝ፣ ሰው ወረፋ ይዟል» አልኩት። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ በግራው ብዕሩን ያዘ። አያያዙ ማንኪያ እንደሚለምድ ሕፃን ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወረቀቱን ቀደደው። ኪሱ ውስጥ ያለችው እጅ ከአንጓዋ በታች እንደሌለች ያኔ ገባኝ። አፈርኩ፤ በራሴ ተናደድኩ። ሌላ ወረቀት አተምኩለትና በግራ አውራ ጣቱ አስፈረምኩት። ሻይም አስመጣሁለት፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልነካውም። በኋላ እንደተረዳሁት ሰው እያየው በግራ እጁ አይበላም፣ አይጠጣም።

የሀደሮ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አባቱ ሞተ፤ እናቱ ሌላ ባል አገባች። አጎቱ በጭነት መኪና አሳፍሮ ሆሳዕና አመጣውና ለእናቱ የሩቅ ዘመድ፣ ለባለወፍጮው ለሐጂ ኢብራሂም ሰጠው። «ልጅዎ ነው፤ ያሳድጉት፣ ያስተምሩት» አለ አጎትየው። «ልጄ ነው» አሉ ሐጂም። ያን ቀን ከልባቸው ነበር ያሉት ብዬ አምናለሁ። እስከ አራተኛ ክፍልም አስተምረውታል። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ጥሎ ጠፋና «ሌላ ሰው እስኪገኝ አንተ ያዝልኝ» ተባለ። ሌላ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይገኝ ቀረ።

አሥራ ስምንት ዓመት ዱቄት ለብሶ ኖረ። ሰው ሲጠይቀው «የቤቱ ልጅ ነኝ» ይል ነበር፤ ከተማውም እንደዚያ ነበር የሚያውቀው። ደመወዝ የሚባል ነገር በስሙ ተጽፎ አያውቅም። የሐጂን ሚስት ወይዘሮ ሀሊማን እንደ ልጆቻቸው «አማ» እያለ ይጠራቸዋል። አገሩ ሁሉ እናቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው።

አምና በጥር፣ በገበያ ቀን፣ የወፍጮው ቺንጋ ወለቀ። ቺንጋ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ሰፊ ጎማ ነው። መሸፈኛ ነበረው፤ ተሰብሮ ከተጣለ ዓመታት አልፈዋል። እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች በሩን አልፈው ጎዳናው ላይ ደርሰዋል። ሐጂ ከደጅ ሆነው «ሳታጠፋ መልሰው! ሰው ቆሟል!» አሉ። ከዚያ በፊትም ስንትና ስንት ጊዜ ሳያጠፋ መልሶታል። በዚያን ቀን ግን ቺንጋው እጁን ይዞ ገባ።

ሐጂ ሐኪም ቤት አደሩ፤ የሕክምናውን ወጪ ቻሉ፤ በግ አርደው ሰደቃ አወጡ። «እስከ ዕለተ ሞቴ ልጄ ነው» ብለው በሰው ፊት አለቀሱ። ጁነዲንም ይህን ሰምቶ እጁን ረሳው፤ እኔ አይደለሁም የምለው፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ግን ወፍጮው መቆም ስለሌለበት ሌላ ሠራተኛ በሳምንቱ ተገኘ። አሥራ ስምንት ዓመት የጠፋው ሰው በሳምንት ተገኘ! አዲሱ ሠራተኛ ወፍጮ ቤቱን እየጠበቀ እዚያው ስለሚያድር የጁነዲን ፍራሽ ከእህሉ ጆንያ ጎን ተነሣና መስጊዱ አካባቢ ትንሽ ክፍል ተከራዩለት። ምግብ መጀመሪያ በየቀኑ ይላክለት ነበር። በኋላ ዓርብ ዓርብ ሆነ። በኋላ ቀረ።

ሥራ ፍለጋ ያልዞረበት የለም። መናኸሪያ ሄዶ ሻንጣ ልሸከም ቢል ተሸካሚዎቹ ሳቁበት። ሰው መንገድ ላይ እጁን ሲዘረጋለት ግራውን መስጠት ነውር እየመሰለው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል፤ ሰው ደግሞ «ኮራብን» ይላል። ሠርግ ተጠርቶ ማዕድ ሲቀርብ «ጠግቤአለሁ» ብሎ ይነሣል። በግራ እጅ ከሰው ጋር አንድ ሳህን ላይ እንዴት ይቀረባል? እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዉ መጥራቱን ተወው። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳይነጋገር የሚውልበት ጊዜ እንዳለ ሲነግረኝ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለውን ቤቴን አስታወሰኝና ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት።

ለምን ቶሎ እንዳልከሰሰ ብትጠይቁኝ፣ ሽማግሌ ስለገባ ነው። ጉዳቱ በደረሰ በሁለተኛው ወር ወደ ሐጂ ሄዶ «አባባ፣ የምኖርበትን ነገር ያስቡልኝ» አላቸው። ሐጂ ተቀየሙ። «ልጅ አባቱን ካሣ ይጠይቃል እንዴ? ሽማግሌ ይየው» አሉ። እዚህ አገር ነገር አንዴ ሽማግሌ እጅ ከገባ ሌላ ደጃፍ አይረገጥም፤ የረገጠ ሰው ሽማግሌ ረገጠ ይባላል፣ ሲሞትም ቀባሪ አያገኝም። እናም ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቀጠሩ። አንዱ ለልቅሶ ዱራሜ ሄደ። ረመዳን ገባ። አዝመራ ደረሰ። ጁነዲን ጉዳዩ ሽማግሌ እጅ እስካለ ድረስ ቀኑ የማይቆጠር መስሎት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ! አንድ የባጃጅ ሹፌር «ዓመት ካለፈህ እኮ ሕጉ ይዘጋብሃል» ሲለው ነው ወደ እኔ የሮጠው። ዓመቱ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

እኔ ማመልከቻ ጻፊ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። አቅሜን ስለማውቅ ወደ ጵርስቅላ ወሰድኩት።

ጵርስቅላ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ጠበቃ ናት፣ የወንጌላዊ ልጅ። ቢሮዋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነው፤ «አዲሳባ! አዲሳባ የሞላ!» የሚለው ጩኸት ቀኑን ሙሉ በመስኮት ይገባል። ጸሐፊ ስለሌላት የምተይብላት እኔ ነኝ። የጁነዲንን ነገር ሰማችና «ብንረታ ከካሣው ትከፍለኛለህ፣ ባንረታ ምንም የለብህም» አለችው። እሱ ግን የጠየቃት ሌላ ነገር ነው።

«ሐጂ ይቀየሙኛል?»

«አሁን አልተቀየሙህም?» አለችው።

ውክልናውን በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ ክሱ ዓመቱ ሳይሞላ ገባ። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት አፈረስሽ» አለኝ። «የቱን ቤት? የኪራዩን?» አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ጁነዲን ግን የዚያን ሳምንት ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ ሰላምታ የሰጠው አንድም ሰው አልነበረም።

የሐጂ መልስ በወሩ መጣ። ጵርስቅላ ጮክ ብላ አነበበችው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ይላል፤ ከሳሽ ተቀጥሮ አያውቅም፤ ተከሳሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ አብራኩ ክፋይ ቆጥሮ ያሳደገው ልጁ ነው፤ ወፍጮ ቤት የዋለውም ልጅ የአባቱን ቤት እንደሚያግዘው ነው፤ በአባትና በልጅ መካከል የሥራ ውል የለም፣ ካሣም የለም።

«ብልጥ ጠበቃ ይዘዋል» አለች ጵርስቅላ። «ሕጉ ማሳደግን ከሥራ ውል አይቆጥረውም። ሠራተኛ መሆንህን ካላስረዳን አለቀልን።»

ጁነዲን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። «እስቲ እሱን ቦታ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ወደ እኔ ዞሮ «ለእኔ አንድ ቅጂ ታነሺልኛለሽ?» አለኝ። አነሣሁለት። አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው። ልጅ መሆኑ በወረቀት ሲጻፍለት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የተጻፈው እንዳይከፈለው መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም ከተተው። እኔ አንጀቴ ተቃጠለ፤ ጵርስቅላ ግን ልጅ ናትና ሥራዋን ቀጠለች።

«በል አሁን እየመለስክልኝ» አለች። «የት ነበር የምታድረው?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ልጆቻቸውስ?»

«ቤት።»

«በጣም ጥሩ። ምግብ አብረሃቸው ትበላ ነበር?»

«ይላክልኝ ነበር። ወፍጮው አይዘጋም እኮ፣ ምሳ ሰዓት ነው ሰው የሚበዛው።»

«ማታስ? ማታ ይዘጋ የለም?»

አሰበ። «ማታም ይላክልኛል።»

«ጥሩ። ዒድ ቀንስ?»

«ዒድ ቀን ቤት ነኝ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «እንግዳ ይበዛል። ውኃ አስታጥባለሁ፣ ሳህን አመላልሳለሁ።»

«አብረህ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እንግዳው ሲሄድ... ጓዳ።»

«ጥሩ። ትልቋ ሴት ልጃቸው ስትዳር ፎቶው ላይ አለህ?»

«ወንበር ሳጓጉዝ ነበር።»

«በጣም ጥሩ! እትዬ ወርቅዬ፣ ይህን ለብቻ አድርገሽ ጻፊልኝ። ታመህ ታውቃለህ?»

«ጠበቃ» አላት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እባክሽ፣ ጥሩ አትበይ።»

ጵርስቅላ ብዕሯን አስቀመጠች። ጣቶቼ ኮምፒውተሩ ላይ ቀሩ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ያላየውን ነገር እኛ በሩብ ሰዓት ጥያቄ ቆጥረን አሳየነው። ለክሱ የሚበጀው ሁሉ እሱን የሚያርደው ሆነ። ከዚያ በኋላ ጵርስቅላ መልሶቹን አንገቷን ደፍታ ጻፈች እንጂ «ጥሩ» የሚል ቃል አልወጣትም።

ምስክር ማግኘቱ ከዚያ ይብስ ነበር። በዚያ ገበያ ቀን ቢያንስ ሠላሳ ሴት ተሰልፏል፤ ሁሉም ዓይኗን ጨፍና ነበር መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? መናኸሪያ ዳቦ የምትሸጠው ዓለሚቱ ብቻ የሰማችውን አልካደችም። «ነገ ስንዴዬን የት ላስፈጭ ነው?» አለችን መጀመሪያ። ሁለት ሳምንት አስባ ራሷ መጣችና «እመሰክራለሁ፤ ሌላ ወፍጮ ቤት ሩቅ ቢሆንም አለ» አለች።

ነገሩ በግንቦት ተሰማ። ክፍሌን ዘግቼ ገባሁ። ጁነዲን ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፤ ቀኝ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። በሩ ላይ ሐጂን ሲያገኝ «አሰላሙ ዓለይኩም» አላቸው። ሐጂ ሰላምታውን መለሱ፤ ዓይናቸው ግን አጥሩን ነበር የሚያየው። አርጅተዋል። ምርኩዛቸው ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በዚያች ደቂቃ አሳዘኑኝ።

ዓለሚቱ «ሳታጠፋ መልሰው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብላ በአጭሩ መሰከረች። ዳኛው ግን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፤ «ሠራተኛቸው ነው ወይስ ልጃቸው?» አሏት። «ልጃቸው ነው ሲባል ነው የማውቀው፣ ጌታዬ» አለች። ምን ታድርግ፣ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ጵርስቅላ ከንፈሯን ነከሰች።

ቀጥሎ የሐጂ ምስክር፣ ወይዘሮ ሀሊማ፣ ተጠሩ። ቁርአን ይዘው ማሉ። የሐጂ ጠበቃ «ስለ ጁነዲን ይንገሩን» ሲላቸው ገና ሳይጀምሩ እንባቸው መጣ።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት። የመጣ ቀን በባዶ እግሩ ነበር፤ ጫማ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ታይፎይድ ይዞት ሰውነቱ እንደ እሳት ሲነድ ሦስት ሌሊት ራስጌው ቁጭ ብዬ በጨርቅ ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ። እጁ የተቆረጠ ቀን ከእሱ ይልቅ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛ ለሚባል ሰው እንዲህ ይደረጋል ወይ? ልጄ ነው። ልጄን ነው ከፍርድ ቤት ያቆማችሁብኝ።»

የተሰበሰበው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ዳኛው አቀርቅረው ብዙ ጻፉ። ክሱ ከእጃችን ሲወጣ ይታየኝ ነበር፤ ወደ ጁነዲን ዞርኩ። ፈገግ ብሏል። ካወቅኩት ጀምሮ ጥርሱን አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ጎበዝ እንደተባለ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ ጵርስቅላ ጎንበስ አለና እኔ ድረስ በሚሰማ ሹክሹክታ፦

«ተያቸው። አትጠይቂያቸው» አላት።

«ምን?»

«ይበቃኛል። ካሣው ይቅር። እንዲህ ካሉልኝ ይበቃኛል።»

ጵርስቅላ ቆጣ ብላ አየችው። «በምን ልትኖር ነው?» አለችውና ተነሣች። እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልብሷን አስተካከለች። ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም፤ ጎረቤት ጎረቤቷን እንደምትጠይቀው ነበር የጠየቀቻቸው።

«ወይዘሮ ሀሊማ፣ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። አላህ ስንት ልጅ ሰጥቶዎታል?»

የወይዘሮ ሀሊማ ፊት ከእንባው ሥር ፈካ። የልጆቿ ስም ሲነሣ ፊቷ የማይፈካ እናት የት አለች?

«አልሐምዱሊላህ፣ አምስት» አሉ። ጣታቸውንም እያጠፉ ቆጠሩ። «ከማል፣ ሰሚራ፣ ያሲን፣ ዛሂራ፣ ኢልሃም።»

አምስተኛዋ ጣት ታጥፋ እጃቸው ቡጢ ሆነ። ቤቱ ጸጥ አለ። የዳኛው ብዕር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ወይዘሮ ሀሊማ ያን ጸጥታ ሰምተው ይሁን የሐጂን ማቃሰት፣ ምን እንዳሉ ገባቸው። የታጠፈውን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑት።

«ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አለች ጵርስቅላ። ስትቀመጥ ጁነዲንን አላየችውም። እኔም አላየሁትም፤ አልቻልኩም።

ዳኛው ለፍርድ ቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚፈረድ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ሰዉ ገለል እያለ ያሳልፈናል። ወይዘሮ ሀሊማ ከኋላችን እየተንገዳገዱ ደረሱና የጁነዲንን ግራ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ያቺን እጅ ከዓመት በላይ የያዘ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ አምታታችብኝ እኮ» አሉት እያለቀሱ። «ዳኛው ፊት ስቆም ልቤ ጠፋ። ረስቼህ አይደለም፤ በአላህ፣ ረስቼህ አይደለም።»

ጁነዲን እጁን አልነጠቃቸውም። ሻርፓቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ እጁን አላቀቀና መለሰላቸው።

«አላምታታችብዎትም፣ አማ» አላቸው። «ቁርአን ይዘው እኮ ነው የተናገሩት። እውነቱን ነው ያሉት።»